የምድር ውስጥ ገበና

ከሽንት ቤቱና ከወጥ ቤቱ ተነሥቶ በግቢው አፈር ሥር እስከ ማጠራቀሚያው ጉድጓድ የሚዘልቀው ቱቦ የቤቱ ስውር ክፍል ነው። እንደ ሳሎን ለእንግዳ አይታይም፤ እንደ ጓዳም ለቅርብ ዘመድ አይከፈትም። በተቀበረበት ቀን ታይቶ፣ አፈር ለብሶ፣ ተረስቶ ይኖራል። አማርኛ ለእንዲህ ያለው ነገር ገበና የሚል ቃል አለው። ገበና ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀው፣ በአደባባይ ቢገለጥ የሚያሳፍር የቤት ጉዳይ ነው። ፈጣሪንም ገበና ከታች ብሎ ማመስገን የተለመደ ነው። ቱቦው ሲሰነጠቅ አንድ የሙያ ጥያቄ ይነሣል፦ ግቢው ሳይቆፈር፣ ወለሉ ሳይፈርስ ሊታደስ ይችላል ወይ? ከዚሁ ጋር አንድ የሃይማኖትና የሥነ ምግባር ጥያቄ ይነሣል፦ የተሰወረ ጉድለት ለአደባባይ ሳይገለጥ ሊድን ይችላል ወይ? ሳይቆፍሩ ማደስ ፈውስ ነው ወይስ ቆሻሻን በሌላ ልባስ መሸፈን?

በደባርቅና በዳባት ጥያቄው የሚከብደው ከመሬቱ የተነሣ ነው። ሁለቱ ከተሞች ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ናቸው፤ ዳባት ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ሆናለች። ከአፈሩ ሥር ያለው ዐለት የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ሆድ የፈሰሰ ባዛልት ነው። ባዛልት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፤ ውሃም በስንጥቁ መንገድ ያገኛል። ከተማውን ሁሉ የሚያገናኝ የፍሳሽ መረብ ስለሌለ እያንዳንዱ ቤት ፍሳሹን የሚያስተናግደው በራሱ ግቢ፣ በጉድጓድ ወይም በሴፕቲክ ታንክ ነው። የአዲስ አበባ ፍሳሽ አንዱ ክፍል በመስመር ተጉዞ ቃሊቲ ማጣሪያ ይደርሳል፤ በስሜን ግርጌ ግን ከቤት የወጣው ሁሉ ከቤቱ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ከመቀመጫው እስከ ጉድጓዱ ያለችው አሥር ወይም ሃያ ሜትር መስመር የከተማው የፍሳሽ ሥርዓት ሁሉ ናት ማለት ይቻላል። እሷ ካፈሰሰች ከሥሯ የሚጠብቃት የለም።

መስመሩ የሚበላሽባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በውስጡ ያለውን ቱቦ እያነሣና እያወረደ መጋጠሚያውን ያላቅቃል። የሲሚንቶ ቱቦ በመጋጠሚያው ይፈረፈራል። ተዳፋቱ በደንብ ሳይለካ የተቀበረ ቱቦ ደግሞ ውሃውን ቶሎ፣ ቆሻሻውን ዘግይቶ ያሳልፋል፤ የቤት መስመር በአንድ ሜትር ርዝመት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የባሕር ዛፍ ሥር ነው። በምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ይህ ዛፍ ዛሬ ከደጋው አጥር የማይለይ ሆኗል። ሥሩ ጤነኛ ቱቦ ሰብሮ አይገባም። ከመጋጠሚያው የምትወጣውን እርጥበት ተከትሎ ይመጣል፣ ፀጉር በምታህል ቀዳዳ ይሾልካል፣ ውስጥ ከገባ በኋላ ይወፍራል፤ ቱቦውን የሚሰነጥቀው ያን ጊዜ ነው። ስለ ኃጢአት የሚያስተምሩ አባቶች ስለ ልማድ አጀማመር የሚናገሩት ከዚህ አይለይም፤ ትንሿ ፍሰት ትቀድማለች፣ ትልቁ ጥፋት እሷን ተከትሎ ይመጣል።

የቆየው መድኃኒት ዶማና ዲጂኖ ነው። መሬቱን ከፍቶ የተሰበረውን አውጥቶ አዲስ ቱቦ መቅበር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መስመሩ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ከወጥ ቤቱ ወለል፣ ከግንቡ መሠረት፣ አንዳንዴም ከጎረቤት አጥር ሥር ነው። ባዛልቱን መፈንቀል ቀናት ይወስዳል። ቁፋሮው ክፍት ሆኖ ባደረ ቁጥር ሽታው መንደሩን ያዳርሳል፤ ሕፃን ወይም ከብት ሊገባበት ይችላል፤ የቤቱ ገበናም ለአላፊ አግዳሚው ይገለጣል። ይህ የመጨረሻው ጉዳት እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ብዙ አባወራ የሚያፈስ መስመሩን ለዓመታት ዝም ብሎ የሚያኖረው ከወጪው ይልቅ እፍረቱን ፈርቶ ነው፤ እፍረት ፈውስን ሲያዘገይ ደግሞ ዕዳው ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል።

ሳይቆፍሩ የማደስ ጥበብ የተወለደው ለንደን ውስጥ ነው። ኤሪክ ውድ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1971 በሃክኒ ሰፈር አንድ አሮጌ የፍሳሽ መስመር ከውስጥ አለበሰ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ካሜራ በመስመሩ ውስጥ ይላካል፤ ስንጥቁ፣ ሥሩና መጋጠሚያው የት እንዳለ በሜትር ተለክቶ ይመዘገባል። ቀጥሎ ቱቦው በኃይለኛ ግፊት ውሃ ይታጠባል፤ ሥሩ ይቆረጣል፤ የደረቀው ቅባት ይፋቃል። ከዚያ ሬዚን በሚባል ፈሳሽ ሙጫ የራሰ ጥቅጥቅ ያለ የጨርቅ እጅጌ በአንድ ጫፍ ይገባና በአየር ወይም በውሃ ግፊት እንደ ካልሲ እየተገለበጠ ይዘረጋል። ሙጫ የነካው ገጽ ወደ ውጭ ዞሮ ከአሮጌው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። በሙቅ ውሃ፣ በእንፋሎት ወይም በአልትራቫዮሌት ብርሃን በጥቂት ሰዓታት ይጠነክራል፤ በአሮጌው ቱቦ ሆድ ውስጥም መጋጠሚያ የሌለው አዲስ ቱቦ ይወለዳል። ለቤት መስመር ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። የውስጡ ስፋት በጥቂቱ ቢቀንስም ገጹ ለስላሳ ስለሚሆን ፍሳሹ አይከብደውም።

ሌላው መንገድ አሮጌውን እያፈነዱ ማለፍ ነው። ሾጣጣ ራስ ያለው ብረት በመስመሩ ይጎተታል፤ አሮጌውን ቱቦ ሰባብሮ ወደ ጎን ይገፋና ከኋላው አዲስ የፖሊኢትሊን ቱቦ ያስገባል። ይህ ሁለት ትናንሽ ጉድጓዶች፣ አንድ በመነሻው አንድ በመድረሻው፣ ይፈልጋል። በደጋው የስሜን ከተሞች ከሁለቱም ይልቅ ለእጅ የሚቀርበው ሦስተኛው ነው፦ በሰፊው አሮጌ የሲሚንቶ ቱቦ ውስጥ ጠበብ ያለ ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ጎትቶ ማስገባትና ጫፎቹን መድፈን። ማሽን አይጠይቅም፤ ገመድ፣ ጥቂት ጉልበትና በትክክል የተለካ ስፋት ይበቃዋል። የሬዚኑ መንገድ ደባርቅ ቢደርስ ብርዱን ማሰብ ግድ ይላል። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ያለ ሙቀት የተተወ ሬዚን ለመጠንከር ይዘገያል። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ግን የሙቅ ውሃው ዘዴ ሥራውን ለመሥራት የሚበቃ ሙቀት አያጣም።

የጎንደር ምድር የቅኔ ምድር ስለሆነ ይህን አሠራር ለማስረዳት ከቅኔ ቤት ይበልጥ የሚቀርብ ምሳሌ የለም። ሰምና ወርቅ በሚለው የቅኔ ምሳሌ ወርቅ ሠሪ መጀመሪያ ሰሙን ይቀርጻል፤ በጭቃ ያለብሰዋል፤ ሰሙን አቅልጦ በቦታው ወርቁን ያፈስሳል። በሬዚኑ ሥራ አሮጌው ቱቦ የጭቃው ልባስ ነው፤ ቅርጽ ሰጥቶ ይቀራል፣ ሸክሙን የሚሸከመው ከውስጥ የገባው ነው። ውስጠ ወይራ የሚባለው የቅኔ ዓይነት ይበልጥ ይቀርባል፦ ከላይ አንድ እንጨት መስሎ የሚታይ፣ ውስጡ ወይራ የሆነ። ነገር ግን የቅኔ መምህር ተማሪውን የሚጠይቀው ወርቁን ነው፤ ሰሙ ያማረ ወርቅ አልባ ቅኔ አይቀበልም። የሃይማኖቱ ጥያቄም የሚቆመው እዚሁ ላይ ነው፤ የታደሰው መስመር ውስጥ ወርቅ አለ ወይ?

ቅዱሳት መጻሕፍት በመጀመሪያ ንባብ እርስ በርስ የሚጋጩ ይመስላሉ። የዘዳግም ምዕራፍ 23 ሕግ እስራኤላዊ ከሰፈር ወጥቶ እንዲጸዳዳ፣ በመቆፈሪያ ቆፍሮ እንዲሸፍነው ያዝዛል፤ ምክንያቱም እግዚአብሔር በሰፈሩ መካከል ስለሚመላለስ ነው። እዚህ መሸፈን ቅድስና ነው። በሕዝቅኤል ምዕራፍ 13 ደግሞ ደካማ ግንብ ሠርተው በኖራ የሚለስኑት ይወገዛሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ግንቡ ይወድቃል። በማቴዎስ ምዕራፍ 23 ጌታ ውጭው የተለሰነ ውስጡ ርኩስ የሆነ መቃብርን ይነቅፋል፤ ጽዋ አስቀድሞ ከውስጥ እንዲጠራም ያዝዛል። እዚህ መሸፈን ግብዝነት ነው። ሁለቱን የሚያስታርቃቸው ሽፋኑ ሥር ያለው ነገር ነው። ዘዳግም የሚሸፍነው ቦታውን ያገኘ ቆሻሻ ነው፤ ሕዝቅኤል የሚያወግዘው ያልተጠገነ ስንጥቅ ላይ የተቀባ ኖራ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለጉዳዩ የሚቀርበው ግን የዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 የቤት ለምጽ ሕግ ነው፤ እንዲህ ላለ ዘመናዊ ጥያቄ እንደሚያገለግል የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ባለቤቱ በግድግዳው ላይ ምልክት ሲያይ ወደ ካህኑ ይሄዳል። ካህኑ ሳይገባ ቤቱ ባዶ እንዲደረግ ያዝዛል፤ ገብቶ ያያል፤ ሰባት ቀን ይዘጋዋል፤ ተመልሶ ያያል። ደዌው ከሰፋ የታመሙት ድንጋዮች ብቻ ይወጣሉ፤ የቤቱ ውስጥ ዙሪያውን ይፋቃል፤ ሌሎች ድንጋዮች ይገባሉ፤ ቤቱ እንደገና ይለሰናል። ደዌው እንደገና ከወጣ ቤቱ ይፈርሳል፤ ካልወጣ ካህኑ ንጹሕ ይለዋል። ሕጉ ማፍረስን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በመጨረሻው ቦታ ያስቀምጠዋል። በፊቱ ያሉት ማየት፣ መጠበቅ፣ መፋቅ፣ መተካትና ደግሞ ማየት ናቸው። ባለሙያው ዛሬ በካሜራ፣ በግፊት ውሃ፣ በሬዚንና በድጋሚ ካሜራ የሚሠራው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። የሕጉ ጥንካሬ ካህኑ ሁለት ጊዜ ሳይሆን እስከ ሦስት ጊዜ እንዲያይ ማዘዙ ነው፤ ያላየ ዓይን ንጹሕ ነው ብሎ ሊፈርድ አይችልም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ያለው የንስሐ አባት ሥርዓት ይህን ሐሳብ በነፍስ ላይ ያውላል። የንስሐ አባት ወደ ቤት ይመጣል፣ ጠበል ይረጫል፣ የልጆቹን ስም ያውቃል፣ ኑዛዜውን ይሰማል፣ ምሥጢሩን ይጠብቃል። ንስሐ የገባ ሰው ኃጢአቱን በገበያ መሐል እንዲያውጅ አይጠየቅም፤ ሳይናዘዝ ግን ሥርየት አያገኝም። በፍጹም ስውርና በአደባባይ መካከል አንድ ዓይን የሚያይበት ቦታ አለ፤ ፈውስ የሚያገኘው ሰው ገበናውን ለዚያ ዓይን ከፍቶ ከሌላው ይከድነዋል። በደባርቅ የሚኖሩ ሙስሊሞች የሚከተሉት ሸሪዓም በሌላ መንገድ እዚያው ይደርሳል። ቁርኣን የሰውን ነውር መሰለልን ይከለክላል፤ የነቢዩ ትምህርት የወንድምን ነውር መሸፈንን ያመሰግናል፤ በዚያው ላይ ሰዎች በሚያልፉበት መንገድና በሚያርፉበት ጥላ መጸዳዳትን፣ በቆመ ውሃ መሽናትን በጥብቅ ይከለክላል። ነውር መሸፈንና ሌላውን አለመጉዳት በአንድ ሕግ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ እስከሄዱ ድረስ በወገራና በስሜን ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም ርኩሰትን በርቀትና በውሃ የሚለይ ጥብቅ ሥርዓት ነበራቸው። ለእነሱ ውሃ ራሱ የንጽሕና መሣሪያ ስለነበር የተበከለ ወንዝ የእምነት ጉዳት ይሆን ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው መስፈርት አንድ ነው፤ ገበና እስከ አጥር ድረስ ነው። በግቢው ውስጥ ያለው ጉድለት የቤቱ ምሥጢር ነው፤ ማንም አጥር ዘሎ ሊያየው አይገባም፤ ሳይቆፈር፣ ሳይታይ፣ ሳይሰማ ቢጠገን ያ ለቤተሰቡ ክብር ነው። ፍሳሹ በዐለቱ ስንጥቅ ወርዶ የጎረቤት ጉድጓድ ወይም የታችኛው ሰፈር ምንጭ ከደረሰ ግን ገበና መሆኑ ያበቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት በጎረቤቱ ላይ ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸትና መጥፎ ሽታ እንዳያደርስ ይከለክላል፤ አፍንጫን የሚጠብቅ ሕግ ሆድን እንዲጠብቅ ማሰብ ከመንፈሱ አይርቅም። የወስፋት እንቁላል በእርጥብ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ታይፎይድና ተቅማጥ በማይታይ ውሃ ይሄዳሉ። ሽንት ቤት ከውሃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ የሚለው የተለመደ ልክ ለአፈር የተበጀ ነው፤ በተሰነጠቀ ባዛልት ላይ ርቀቱ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ከምንጩ ደግሞ ጠበል ይቀዳል፤ የሚያፈስስ ቱቦን እያወቀ ዝም ያለ ሰው በሌላው ሰው ጸሎት ላይ ያፈስሳል።

የጎንደር አካባቢ ይህን ስውር ጉዳት ለማየት ቀድሞ የተዘጋጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ብዙ ሕይወት የቀጠፈው የወባ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር ሳኒታሪያኖችን ያሠለጥን ነበር። ሥራቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ጉድጓድና ምንጭ ማየት ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ያ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ የቤተሰቦችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት የሚመዘግብ የጥናት ማዕከል አለው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሽንት ቤት እንዲቆፈር ሲያስተምሩ ኖረዋል። የእነሱ ዓይን ከካህኑ ዓይን ጋር ቢነጻጸር ድፍረት አይሆንም፤ ሁለቱም ያያሉ፣ ይነግራሉ፣ ስም አያጠፉም።

አሮጌ ቱቦ ውስጥ አዲስ ማስገባት አሮጌውን ያድናል ወይስ ይተካል? ፈላስፎች ሳንቃው ሁሉ ተራ በተራ ስለተቀየረለት መርከብ የጠየቁት ጥያቄ እዚህ ይነሣል። በስሜን ግርጌ መልሱን ማግኘት አይከብድም። የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሣሩ ይቀየራል፣ ግድግዳው ይፈርሳል፣ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ታቦቱ እስካለ ድረስ ያቺው ቤተ ክርስቲያን ናት። የነገሩን ማንነት የሚወስነው ዋናውን ሥራ የሚሸከመው ክፍል ነው። ስለ አቁማዳ የተነገረው የወንጌል ምሳሌ፣ አዲስ ወይን አሮጌ አቁማዳን ያፈነዳል የሚለው፣ እዚህ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይመጣል፤ አዲሱ በአሮጌው ጥንካሬ ላይ ከተደገፈ ሁለቱም ይጠፋሉ። መሐንዲሶችም ይህንኑ ልዩነት ያውቃሉ። ራሱን ችሎ አፈሩንና ፍሳሹን የሚሸከም ልባስ አለ፤ በአሮጌው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቀዳዳ ብቻ የሚደፍን ቀጭን ልባስም አለ። ፊተኛው አሮጌው ቢፈርስም ይቆማል፤ ኋለኛው በሚፈርስ ቱቦ ላይ ከተሠራ የሕዝቅኤል ኖራ ነው። ስለዚህ ለባለሙያው የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ልባሱ ብቻውን ይቆማል ወይ የሚል መሆን አለበት።

ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ክብርም የጥያቄው አካል ነው። በጎንደር ምድር ብረት የቀጠቀጡ፣ ሸክላ የሠሩና ቆዳ የፋቁ ሰዎች ለዘመናት ተንቀዋል፤ ሁሉም በማረሻቸው ያርስ፣ በእንስራቸው ይቀዳ ነበር። የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚያጸዳው ሠራተኛ ዛሬ ያንን ንቀት ወርሷል። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 12 ከአካል ክፍሎች የተናቁ የሚመስሉት የበለጠ ክብር እንደሚለብሱ ያስተምራል። የቤትን ገበና አይቶ የማያወራ ባለሙያ ደመወዙን ብቻ ሳይሆን እንደ ንስሐ አባት ያለ አክብሮት ሊያገኝ ይገባዋል። ጓንት፣ ጭንብልና ቦት ጫማ ሳይሰጡት ወደ ጉድጓድ ማስገባት በደል ነው፤ በተዘጋ ጉድጓድ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰው ይገድላል። ያልደረቀ ሬዚን የሚያወጣው ሽታም ለቤተሰቡ ጎጂ ስለሆነ መስኮት ተከፍቶ ሕፃናት ከቤት መራቅ አለባቸው።

ሳይቆፈር የሚድነው ግን ሁሉም አይደለም። ቱቦው ፈጽሞ ከተደረመሰ እጅጌው የሚያልፍበት መንገድ የለም። መሐሉ ሰምጦ ውሃ የሚያቁር ከሆነ ልባሱ የሰመጠውን ቅርጽ ይዞ ይጠነክራል፤ ጉድለቱ በአዲስ ቁስ ይጸናል። ተዳፋቱ ወደ ቤት ከዞረም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ጊዜ መቆፈር ግድ ነው፤ እፍረቱን መቀበልም የጎረቤትን ጤና ማስቀደም ነው። ቁፋሮው ግን የታመመውን ክፍል ብቻ ሊከተል ይችላል፤ ዘሌዋውያን የታመሙትን ድንጋዮች ብቻ እንዳወጣ።

በየትኛውም መንገድ ቢታደስ የመጨረሻው ሥራ ፈተና ነው። የመስመሩ የታች ጫፍ ይደፈናል፤ ከላይ ውሃ ይሞላበታል፤ የውሃው ልክ በምልክት ተይዞ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ውሃው ከምልክቱ ከወረደ አሁንም የሚያፈስስ ቦታ አለ፤ ካሜራው ተመልሶ ይገባል፣ ቦታው ይፈለጋል፣ ሥራው ይደገማል። ውሃው ባለበት ከቆመ ድፋኑ ይነሣል፤ ውሃው ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል።